ሁለት ወፍጮ፣ አንድ ባል

ቀናተኛ ነኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከኔው ስሙት። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር መጥታችሁ "ከመስጊዱ በታች በርበሬና ቡና የምትፈጨው ነጅላ የታለች?" ብትሉ፣ ጎረቤቶቼ ቤቴን ሳያሳዩአችሁ በፊት ቅናቴን ያወሩላችኋል። ግን በወርቅ ቀናች፣ በቀሚስ ቀናች እንዳይመስላችሁ። እኔን ያቃጠለኝ ብሎን ነው።

ባሌ አብራር መካኒክ ነው። የውሃ ፓምፕ በሉት፣ ጄኔሬተር በሉት፣ ሞተር ሳይክል፣ የቡና መፈልፈያ፣ ወፍጮ፣ ብቻ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ቆሞ እሱ እጅ ከገባ እየዞረ ይወጣል። ከጅማ እስከ አጋሮ ማሽን ኖሮት አብራርን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። የገዛ ቤቱን ብታዩ ግን የጓዳችን በር ከዓምና ጀምሮ በድንጋይ ተደግፎ ነው የሚዘጋው። የግቢው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይውላል። "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የሚባለው ለሴት ነው፤ እኔ ግን ለአብራር አውሼዋለሁ።

ታዲያ ለምን አትነግሪውም ትሉኝ ይሆናል። አልነግረውም። ዓይን ያለው ሰው ያያል። ላላየ ባል አፌን አላበላሽም፤ ተፈጥሮዬ ነው። ምድጃ ሲበላሽብኝ ከሰፈር አንዱን እጠራለሁ፣ አለዚያም እንደተበላሸ እኖራለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር "ይህ ተሰበረብኝ፣ ይህን ጠግንልኝ" ብዬው አላውቅም። ይህንንም እንደ ጨዋነት እቆጥረው ነበር።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ የየቡው ቤት ባይኖር።

የአብራር ታናሽ ወንድም የቡ ከተማ ይኖር ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ታሞ ሞተ። ሚስቱ ለጢፋ ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች። በኛ ዘንድ ሰው የሟች ወንድሙን ሚስትና ልጆች ሜዳ ላይ አይጥልም፤ ቤተ ዘመድ ይመክራል፣ እሷም ከወደደች ያገባታል። ሽማግሌዎቹ እኔ ዘንድ መጥተው "የቲም፣ የሙት ልጅ ማሳደግ ነው፤ አጅሩ፣ ምንዳው ላንቺም ይደርሳል" አሉኝ። እኔም በገዛ አፌ "እሺ፣ አላህ ያግዘው" አልኩ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ልበ ሰፊ አለኝ። ልበ ሰፊ ከተባልሽ ደግሞ ከዚያ ወዲያ መቅናት የለም፤ ስምሽ አስሮ ይይዝሻል። እኔም በሆዴ ቀናሁ። በሆድ የሚቀኑት ቅናት ጠላቴን አያግኘው።

አብራር በማዳላት አይታማም። ሦስት ቀን እኔ ዘንድ፣ ሦስት ቀን እሷ ዘንድ ይሆናል። እሷ ዘንድ ሲሆን የቡ ዙሪያ ያሉትን ሥራዎች ይይዛል። ለኔ ሻሽ ከገዛ ለእሷም ይገዛል፣ ለልጆቼ ጫማ ካመጣ ለእሷም ልጆች ያመጣል። በእሷ ተራ እኔ አልደውልለትም፣ በኔ ተራ እሷ አትደውልለትም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ እሷን ለመከልከል ብዬ ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው? ልንገራችሁ። ሰውዬው ከየቡ በመጣ ቁጥር ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ አለ። "ምን ስትሠራ ነበር?" እለዋለሁ። "የለጢፋ ፓምፕ ላልቶ" ይለኛል። በሌላው ተራ የመስኮቷ ማጠፊያ ወልቆ ነው። በሌላው ምድጃዋ፣ በሌላው የልጇ ብስክሌት፣ ደግሞ ተመልሶ ያው ፓምፕ። በአንድ ወር ውስጥ ዘጠኝ ጥገና ቆጠርኩ። የኔን ቤት ስቆጥር ባዶ ነው። እኔ ቤት መጥቶ ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያንቀላፋል። ሻሹ እኩል ነው፣ ጫማው እኩል ነው፣ እጁ ግን የእሷ ነው። የመካኒክ ልቡ ያለው ደግሞ እጁ ላይ ነው። እውነተኛዋ ሚስቱ ማናችን ነን? ቀን ከሌት የማመላልሰው ይህን ጥያቄ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አብራር ጋራዡ ውስጥ ሁለት ወፍጮ ሠራ። የኔ አርጅቶ ስለነበር አንዱ ለኔ፣ ሌላው ለለጢፋ፣ እሷም ቤቷ ሆና እየፈጨች ራሷን እንድትችል። በአንድ ቀን ተበየዱ፣ ብረታቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። የሚለያዩት በሞተራቸው ብቻ ነው። ሁለቱም ሞተሮች ያገለገሉ ናቸው። አንዱ ግራጫ ነው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ጎኑ የተጋጨ። ሌላው አረንጓዴ የተቀባ፣ ዛሬ ከካርቶን የወጣ የሚመስል።

ምሳውን ይዤለት ስሄድ ነው ያየሁት።

"ይሄ የማነው?" አልኩ አረንጓዴውን እያየሁ።

"የየቡው" አለኝ።

"የኔስ?"

በመፍቻው ወደ ግራጫው ጠቆመኝ። ደሜ ፈላ። ዓይኔን ከአረንጓዴው አልነቅል ስል ጊዜ ገባውና "ነጅላ፣ ቀለም አይፈጭም" አለኝ። የምሳ ዕቃውን አስቀምጬለት በቀጥታ ሐጂ ኡመይር ቤት ሄድኩ።

ሐጂ ኡመይር የአብራር አጎት ናቸው። በቤተ ዘመዱ ውስጥ ጠብ ሲነሳ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። "እርስዎ ባሉበት አገር እንዲህ ይዳላብኝ?" ብዬ አለቀስኩባቸው። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሦስታችንንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰቡን። ለጢፋ ከየቡ መጣች፤ ቀጭን ናት፣ ድምጿ አይሰማም፣ ከኔ ስምንት ዓመት ታንሳለች፤ ይህንንም አልረሳሁላትም። ሐጂ ሁለቱን ወፍጮዎች በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉና "ያዘጋጀ አይመርጥም። ሁለቱንም አንተ አዘጋጅተሃል፤ ታላቋ ትምረጥ፣ የቀረውን ታናሿ ትውሰድ" ብለው ፈረዱ።

አብራር እኔን አየኝ፣ ለጢፋን አየ፣ መልሶ እኔን አየኝ። እጁን ግራጫው ሞተር ላይ አሳረፈ።

"ነጅላ፣ ይሄ ይሻልሻል" አለ።

ያለው ይህን ብቻ ነው። ለጢፋ አጠገቡ ቆማ፣ ሐጂ እየሰሙ ከዚህ ሌላ ምን ሊል ይችል ነበር? አሁን ይገባኛል። ያኔ የታየኝ ግን አረንጓዴውን ለእሷ ሊያስቀርላት እንደሚለማመጠኝ ነው።

"አረንጓዴውን" አልኩ።

የለጢፋ ዓይን እንባ አቀረረ። አንገቷን ደፋች። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ግራጫውም በዚያው ቀን በጭነት ባጃጅ የቡ ሄደ።

ከፍርዱ በኋላ አብራር ስለ ሞተሩ ሊያነሳ ሲል "ያለቀ ነገር ነው" ብዬ አቋረጥኩት። አረንጓዴው ሞተር ሁለት ወር ከምናምን ፈጨልኝ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ የሄርማታ ሴት በሙሉ በርበሬዋን ተሸክማ በሬ ላይ በተሰለፈችበት ሰዓት፣ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ጢሱን ለቀቀና ቆመ። አብራር የዚያን ዕለት ጠዋት ነበር ወደ የቡ የሄደው። መደወል የለም፤ ደንቡ የኔ ነው። ሞተሩን አስፈትቼ በባጃጅ ወደ ቦሳ አዲስ ሰፈር ወሰድኩት፤ ኤርሲዶ ዘንድ።

ኤርሲዶ ከሆሳዕና መጥቶ እዚህ የከረመ፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደ አዲስ የሚጠቀልል ልጅ ነው። መዝሙሩን በለሆሳስ እያንጎራጎረ ነው የሚሠራው። ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ማንጎራጎሩን ተወ።

"ይሄማ የኔው እጅ ነው" አለ። "እኔ ነኝ የጠቀለልኩት፣ እትዬ ነጅላ። ጋሽ አብራር ነው ያመጣው። አካሉ ዝጎ ስለነበር ቀለሙንም እዚሁ ነው የቀባነው።"

"ደህና አድርገህ ጠቅልለኸው ቢሆን ይቃጠል ነበር?"

"እሱማ የተጠቀለለው በአሉሚኒየም ሽቦ ነው። በልኩ የሚሆን መዳብ ከገበያ ጠፍቶ ነበር፤ አሁንም የለም። አልደበቅኩትም፣ ጭነት አይችልም ብዬዋለሁ። 'ግዴለም፣ የቡ ነው የሚሄደው፣ በየሳምንቱ እያየሁ እይዘዋለሁ' አለኝ። እርስዎ ዘንድ እንዴት መጣ?"

"ግራጫውን ታውቀዋለህ?" አልኩት።

"እንዴት አላውቀውም። የፋብሪካ ጥቅል ነው፣ ተፈትቶ አያውቅም፤ ውስጡ መዳብ ብቻ። ቀኑን ሙሉ እዚህ ቁጭ ብሎ አስፈትሾኛል። 'ይሄ ለቤቴ ነው' አለኝ።" ኤርሲዶ ፈገግ አለ። "'ነጅላ ሲበላሽባት ለሰው አትናገርም፤ ለእሷ የማይበላሽ ነው የሚያስፈልጋት' ነው ያለኝ።"

የኤርሲዶ ወንበር ላይ ሳላስበው ተቀመጥኩ። አብራር ያየኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አላየኝም ያልኩት ሰው ምን እንደምናገርና ምን እንደማልናገር ለይቶ አውቆ፣ በዚያው ልክ ሞተር መርጦልኝ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ እንደ መዳብ እንኳን አልቆጠርኩትም። በሽማግሌ ፊት፣ በገዛ አፌ፣ አንስቼ ለጣውንቴ ሰጠሁት።

"በሁለት ቀን አደርስልዎታለሁ" አለኝ ኤርሲዶ። "ያው በአሉሚኒየም ነው። በየጊዜው የሚያየው ሰው ይፈልጋል።"

"ለአብራር እንዳትነግረው" ብዬው ወጣሁ።

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሰምታ ሆዷ ይረጋል። ባሌ ይወደኛል ብላ ትተኛለች። እኔ ግን ይብስ ተቃጠልኩ። "ለቤቴ" የተባለው ሞተር፣ የኔ ስም የተጠራበት ሞተር፣ የለጢፋ ጣሪያ ሥር ነው ያለው። እሷ እየፈጨችበት ነው። እሷ ያን ቀን ለአረንጓዴው አልቅሳ የለ? ስለዚህ ሄጄ "ለጢፋ፣ ሆዴ አልችል አለ፤ አዲሱን ውሰጂ፣ አሮጌውን ልያዘው" እላታለሁ። ትመርቀኛለች። ስለ አሉሚኒየሙ አልተነፍስም። ሐራም መሆኑን አጥቼው አይደለም። አውቄው ነው ያቀድኩት።

ኤርሲዶ ሞተሩን በቃሉ አደረሰልኝ፣ አስገጠምኩት። አብራር ተመለሰ፣ ሦስት ቀኑን እኔ ዘንድ ሆነ፣ ምንም አልጠረጠረም። ሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ በማግስቱ የእሷ ተራ ይገባል። ጠዋት በርበሬ ስፈጭ ቆየሁና "ለቅሶ ልደርስ ነው" ብዬው ወጣሁ፤ ከመናኸሪያው የየቡን ሚኒባስ ያዝኩ።

የለጢፋ ግቢ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ የዓመቱ የመጨረሻ ጀንፈል ቡና ሸራ ላይ ተሰጥቷል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ጉድጓዱ አጠገብ ፓምፑ ላይ አጎንብሳለች። እጇ ላይ መፍቻ አለ። እነሆ እሷም መካኒክ ሆነችልን፣ እሱ ነው ያስተማራት አልኩ በልቤ። ሰላምታ ላቀርብ ስል ውሃ ከፓምፑ አንገት ሲፈስ አየሁ። እሷ ብሎኑን አላጠበቀችም። ሌላ አንድ ዙር ፈታችው። ውሃው ሲበረታ ጊዜ ቆም ብላ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ መፍቻውን የጀንፈል ጆንያ ውስጥ ልትደብቅ ዞር ስትል ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

መፍቻው ከእጇ ወደቀ።

"እትዬ ነጅላ" አለች።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኳት። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፓምፑ ላልቶ..."

"አንቺ ነሽ ያላላሽው። አይቼሻለሁ።"

የጉድጓዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። "ማሎ እትዬ፣ ለእሱ እንዳትነግሪብኝ" ብላ ለመነችኝ።

"የመስኮቱ ማጠፊያስ?"

የወደቀውን መፍቻ አየች።

"ምድጃውስ? የልጁ ብስክሌትስ?"

"ሁሉንም እኔ ነኝ" አለች። ድምጿን ለመስማት ጠጋ አልኩ። "ምን ላድርግ እትዬ? የተበላሸ ነገር ከሌለ አይቀመጥም። ይመጣል፣ ልጆቹን ይስማል፣ የሰጠሁትን ይበላል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ቤቱ ወንድሙን ያስታውሰዋል መሰለኝ። እኔን ቀና ብሎ አያየኝም። አላህ ያዘዘውን እየፈጸመ ነው፣ ምንም አላጓደለብኝም፤ ግን እንግዳ ነው። መፍቻ ከያዘ ይቀመጣል። 'ለጢፋ፣ ያቺን የብሎን ዳዶ አቀብዪኝ' ይለኛል። ያኔ እናወራለን። ስለ ልጆቹ ይጠይቀኛል። ይስቃል እንኳን።"

"ሲጨርስስ?"

"ሲጨርስ ለሌላ ተራ ሌላ እፈታለሁ።"

ያን ሁሉ ወር በጣቴ የቆጠርኳቸው ዘጠኝ ጥገናዎች እነዚህ ነበሩ። አብራር እኔ ቤት ግድግዳ ተደግፎ አፉን ከፍቶ ያንቀላፋል፤ በር ላይ ቆሞ መንገድ ሲያይ አላየሁትም። አሳዘነችኝ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሳዘነችኝ።

ለጢፋ እንባዋን በሻሿ ጠረገችና ወደ ወፍጮዋ ጠቆመችኝ። ግራጫው ሞተር ጥጉን ይዞ ተቀምጧል።

"የገደለኝስ ያ ሞተር ነው" አለች። "ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን አልታመመም። ቀበሌው ሁሉ በቆሎውን ይፈጭበታል፣ ድምፁ እንኳን አይለወጥም። ልፈታው ብል ብሎኑ እምቢ አለኝ። አረንጓዴውን ግን በየሳምንቱ እየመጣሁ ካላየሁት አይሆንም ብሎኝ ነበር። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ያለቀስኩት ለዚያ ነው። ቀለሙ ምን ይሠራልኛል?" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "እትዬ ነጅላ፣ ማሎ፣ እንቀያየር። ይሄ አይበላሽም፤ አንቺ ደንበኛሽ ብዙ ነው፣ ይጠቅምሻል። አረንጓዴውን ስጪኝ።"

ልጠይቃት የመጣሁትን ነገር እሷ ለመነችኝ። መዋሸት የለ፣ መደበቅ የለ፣ ሐራም የለ። "እሺ" ብቻ ማለት ነበረብኝ፤ የኔ ሞተር ወደ ቤቴ ይመለሳል፣ እሷም የምትፈልገውን ታገኛለች፣ ልበ ሰፊ የሚለውንም ስም እንደገና አገኛለሁ። "እሺ" ልል አፌን ከፈትኩ።

ያኔ ታየኝ። አብራር እዚያ ጥግ ላይ ዱካ ስቦ ተቀምጦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በየሳምንቱ፣ በየተራው፣ ያቺን አቀብዪኝ ይህቺን ያዥልኝ ሲላት። እኔ ደግሞ ሄርማታ ላይ ከማይበላሽ ሞተር ጋር ብቻዬን።

"አይሆንም" አልኩ።

"እትዬ..."

"ሐጂ ኡመይር የፈረዱትን እኛ አንለውጥም።" ሽማግሌውን እንደ ጋሻ ከፊቴ አቆምኳቸው።

"እውነትሽን ነው" አለች። እንደዚያ ቀን አንገቷን ደፋች። እንደዚያ ቀን ግን ደስ አላለኝም። ጎንበስ ብዬ የወደቀውን መፍቻ አነሳሁና እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። "አልነግረውም" አልኳት። ሻይ አፈላችልኝ፤ ግማሹን ጠጥቼ ተነሳሁ።

ሄርማታ ስደርስ የቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር፣ ተሰግዶ ነበር። አብራር ግድግዳውን ተደግፎ እግሩን ዘርግቷል።

"ለቅሶው እንዴት ነበር?" አለኝ።

"ከባድ ነው" አልኩት።

ነጠላዬን ሳላወልቅ ቆሜ አየሁት። ነገ በዚህ ሰዓት ፓምፑ አጠገብ ተቀምጦ ዳዶ አቀብዪኝ ይላል። ወንበሩን ታቀርብለታለች፣ ውሃ ታስታጥበዋለች፣ ይስቃል። ሐዘኔታዬ ሳያልቅ ቅናቴ ተመልሶ መጣ። አንዲት ቃሏ የማይሰማ ሴት ይህን ዘዴ በአራት ዓመት ስታገኘው፣ እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ብሎን መፍታት አላሰብኩም።

"አብራር" አልኩ።

"አቤት።"

"የወፍጮው ድምፅ ልክ አልመጣልኝም።"

ወፍጮው ደህና ነበር። የዚያን ጠዋት ግማሽ ኩንታል በርበሬ ፈጭቼበታለሁ። አብራር ቀና ብሎ አየኝ፣ ያልሰማኝ መስሎኝ ደገምኩለት። እግሩን ሰብስቦ ተነሳ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን አመጣ፣ ወፍጮው ፊት ተንበረከከ። ዱካ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ቺንጊያ አውልቆ ሞተሩን በእጁ እያዞረ አደመጠ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከረ፣ ካቻቢቴ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት፣ ጨርቅ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት አዛን ሊል ሲቃረብ እጁን ጠራረገ።

"ምንም የለውም፣ ነጅላ" አለኝ።

"ደህና አድርገህ እየው" አልኩት።